ሁለት እጅ በአንድ መዝገብ ላይ



ዘመድ ለመሸኘት ወይም እንግዳ ለመቀበል ብሎ በጋምቤላ አይሮፕላን ማረፊያ አጥር አጠገብ ያልቆመ ሰው ከመካከላችን ቢኖር ጥቂት ነው። እኔም ባለፈው ክረምት አጎቴን ልሸኝ ሄጄ ሳለሁ አንድ ነገር ተመለከትሁ። ማረፊያችን ያለው መንደርደሪያ አንድ ብቻ ነው። አንድ አይሮፕላን ሞተሩን አስነሥቶ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ በዚያው ጊዜ ሌላ ትንሽ አይሮፕላን ከሰማይ ብቅ አለ። የቆመው ከቆመበት አልተነቃነቀም። መጪው ወርዶ፣ መንገዱን ለቅቆ ወደ ዳር ከወጣ በኋላ ነው ያ የቆመው ተራውን አግኝቶ የተነሣው። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ «ይህ ሁሉ ተሳፋሪ ተቀምጦ ሳለ ለዚያች ለትንሿ ይጠበቃል እንዴ?» ብለው ተገረሙ። እኔ ግን በልቤ፣ «ምነው የኔም ፕሮግራም እንዲህ መጠበቅ ባወቀ ኖሮ!» አልሁ።

ይህን ያሰኘኝን ነገር ከዚህ ቀጥዬ እጽፋለሁ። ስለ ራስ ጥፋት መናገር ደስ የሚያሰኝ ባይሆንም፣ የራሱን የሸፈነ ሰው ሌላውን ሊመክር አይገባውምና ከራሴ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባሎች የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ጠይቀን ተፈቀደልን። ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ መዝገቡን ያነባል፣ አንድ መስመር ይጨምርበታል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሁለት ኮምፒውተሮች በሽቦ ተያይዘው በአንዱ መዝገብ ላይ ይሠሩ ነበር። ለብዙ ሳምንት አንድም ስሕተት ሳይታይበት ስለ ሠራ ተመሰገንሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራሁ።

በዓመቱ መጨረሻ፣ መጻሕፍት ሁሉ በሚመለሱበት ሳምንት፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፍ አልመለስህም ተባለ። ልጁ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ነው። እርሱ «መልሻለሁ» ይላል፤ መዝገቡ «አልመለሰም» ይላል፤ መጽሐፉም በመደርደሪያው ላይ ተፈልጎ አልተገኘም። ስለዚህ ዋጋውን እስኪከፍል ድረስ የፈተና ውጤቱ እንዳይሰጠው ተወሰነ። ሁላችንም «ማሽን አይዋሽም» ብለን ልጁን ዋሾ አደረግነው። እንዲያውም «ፕሮግራሙ ተፈትኗል» ብዬ የመሰከርሁ እኔ ነበርሁ። ልጁ አልተከራከረም። ሲወጣ ግን ወደኔ ዞሮ፣ «እኔ ስመልስ እኮ ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ ትጽፉ ነበር፤ አንተ የኔን፣ እርሷ ደግሞ የሌላውን» አለኝ። ይህች ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ።

በማግሥቱ ከክበብ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ፕሮግራሙን መረመርነው። በማንበቡና በማስቀመጡ መካከል ሆን ብለን የ5 ሰከንድ ማቆያ አስገባንና፣ በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ተከታትለን ቁልፉን ተጫንን። እኔ መዝገቡን አነበብሁ፤ የኔ ጽሕፈት ገና ሳይገባ እርሷም ያንኑ አሮጌ መዝገብ አነበበች። እኔ የኔን መስመር ጨምሬ አስቀመጥሁ፤ እርሷም የርሷን ጨምራ በላዩ ላይ አስቀመጠች። የኔ መስመር ጠፋች። ዐሥር ጊዜ ብንሞክር ዐሥር ጊዜ ጠፋች። ማቆያው በሌለበት ጊዜ ክፍተቱ የዓይን ጥቅሻ እንኳ ስለማያህል፣ ሥራ በበዛበት በዚያ ሳምንት ካልሆነ በቀር አይገለጥም ነበር። ልጁ የተናገረው እውነት ነበረ።

እንዲህ ያለው ስሕተት በሙያው ቋንቋ «ሬስ ኮንዲሽን» ይባላል፤ እኛ የሽቅድምድም ስሕተት ብንለው ያስኬዳል። ይኸውም ሁለት ሠራተኞች አንዱን ነገር ሳይጠባበቁ ሲነኩትና የሥራው ውጤት ከሥራው ትክክለኛነት ይልቅ በማን መቅደም ሲወሰን ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ መደበቁ ነው። በባሮ ወንዝ ውስጥ ያለ አዞ ውኃው ጸጥ ባለ ጊዜ የሌለ እንደሚመስል ሁሉ፣ ይህም ሲፈልጉት ይሰወራል፤ ሰው ሲዘናጋ ብቅ ይላል።

ነገሩ የአንድ ፊዚክስ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ያስተውል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ ቴራክ 25 የተባለ፣ በካናዳ የተሠራና ካንሰርን በጨረር የሚያክም መሣሪያ በስድስት በሽተኞች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር አፈሰሰ፤ ከነርሱም የሞቱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የሽቅድምድም ስሕተት ነበር። ሠራተኛዋ የጻፈችውን ትእዛዝ ፈጥና ስታርም፣ መሣሪያው ማግኔቶቹን ለማስተካከል በሚወስድበት 8 ሰከንድ ውስጥ የተደረገው እርማት በሙሉ አይደርሰውም ነበር። ሠራተኛዋ ሥራዋን በለመደችና እጇ በፈጠነ መጠን አደጋው ይቀርባል ማለት ነው። በሽተኞቹ «ተቃጠልን» ሲሉ፣ ኩባንያው መጀመሪያ የመለሰው መሣሪያው ከመጠን በላይ ሊሰጥ አይችልም የሚል ነበር። ወዳጆቼ፣ እኔም ለዚያ ልጅ የመለስሁት ይህንኑ ነው።

ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ልመለስና፣ መንደርደሪያ ተራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔይን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት፣ ጉም በሸፈነው አንድ መንደርደሪያ ላይ ሁለት ታላላቅ አይሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው ፈቃድ ሳያገኝ ለመነሣት ሮጠ፤ ሌላው ገና ከመንገዱ አልወጣም ነበር። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ከማማው «ቆይ» የሚለው ቃልና ከሁለተኛው አይሮፕላን «ገና በመንገዱ ላይ ነን» የሚለው ቃል ባንድ ጊዜ ስለ ተላለፉ በራዲዮው ላይ ተደራርበው ጩኸት ሆኑና በሚገባ አልተሰሙም። ሁለት እውነተኛ ቃላት ተራ ስላጡ ብቻ ሁለቱም ጠፉ።

አሁን ስሕተቴን እንዳርም ስለ ረዳኝ ሥራ እነግራችኋለሁ። በዛሬው ጊዜ አንድ ብርቱ ኮምፒውተር በፕሮግራም ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተሮች ሆኖ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ይህም ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል። አንድ ሰፊ ቤት በግድግዳ ተከፍሎ ብዙ ቤተ ሰብ እንደሚያኖር ማለት ነው። በዳታ ማዕከሎች ያሉ ብዙ ማሽኖች የሚከራዩት በዚህ ዘዴ ነው። ክፍሎቹን የሚያከራይ፣ ቁልፍ የሚሰጥና የሚቀበል አንድ አስተዳዳሪ ያስፈልጋል። ይህን አስተዳደር ከሚሠሩት ፕሮግራሞች መካከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሊብቨርትና በ2010 ናሳና ራክስፔስ የተባለ ኩባንያ የጀመሩት ኦፕንስታክ ይገኙበታል። ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ይኸውም ውስጣቸው ለማንም ሰው ክፍት ስለሆነ ማንበብ፣ ማረምና እርማቱን መላክ ይቻላል። እኔም ከሌላ ሰው ስሕተት ለመማር ስፈልግ ያነበብሁት እነርሱን ነው።

ከኦፕንስታክ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። አዲስ ማሽን ሲጠየቅ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀመጥ የሚመርጥ ክፍል አለው። መራጮቹ ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም ባንድ ቅጽበት «እዚያ ቦታ አለ» ብለው የቀረውን አንድ ቦታ ለሁለት ጠያቂ ይሰጡ ነበር። አንድ የአይሮፕላን ወንበር ሲቀር ሁለት ቲኬት ሻጮች በሁለት መስኮት ቢሸጡት የሚሆነውን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሌስመንት የተባለ መዝገብ ያዥ ተጨመረ። የየኮምፒውተሩ መዝገብ አንድ ቁጥር አለው፤ መዝገቡ በተለወጠ ቁጥር ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። ሊጽፍ የመጣ ሁሉ «እኔ ሳነብ ቁጥሩ ይህ ነበር» ብሎ ማሳየት አለበት። ቁጥሩ በመካከሉ ተለውጦ ከተገኘ «አንተ ያየኸው አልፏል፤ እንደገና አንብበህ ተመለስ» ይባላል። እንግዲህ ማንም አይከለከልም፤ ባረጀ ወሬ ተመርቶ መጻፍ ግን አይፈቀድለትም።

ከሊብቨርት ያገኘሁት ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። ፕሮግራሙ አንድን ማሽን ሲነካ ቁልፍ ይይዛል፤ ነገር ግን ከማሽኑ መልስ መጠበቅ ረዥም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ሌሎች ሥራ እንዳይፈቱ ቁልፉን ለጊዜው ይለቃል። ታዲያ እርሱ ሲጠብቅ ሌላ ሰው ማሽኑን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሥርዓት አበጁ። አንደኛው፣ በሥራ ላይ ያለ ሰው «ይህ ማሽን በእጄ ነው» የሚል ምልክት ያኖራል፤ ሌላው ለዋጭ ሥራ ያለው ሰው ምልክቱ እስኪነሣ ይቆያል። ሁለተኛው፣ የጠበቀ ሰው ሁሉ ጥበቃው ሲያበቃ ሥራውን ከመቀጠሉ በፊት «ማሽኑ አሁንም በሕይወት አለን?» ብሎ ይመረምራል። ይህ ሁለተኛው ለኛም ኑሮ የሚሆን ምክር ነው። ከበር ወጥቶ የተመለሰ ሰው ቤቱን እንደ ተወው አገኘዋለሁ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣልን?

ቁልፍ መያዝ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ወደ ባሮ ቢወርዱና አንዱ ታንኳውን፣ ሌላው መረቡን ቢይዝ፣ ሁለቱም «አንተ ያለህን እስክትሰጠኝ የኔን አልለቅም» ቢባባሉ ዓሣው በሰላም ይውላል። በፕሮግራምም እንዲሁ ይደርሳል፤ ዴድሎክ ይሉታል። መፍትሔው ሁሉም ሰው አስቀድሞ ታንኳውን፣ ከዚያ መረቡን እንዲይዝ አንድ ቅደም ተከተል መደንገግ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «ይህ የአሜሪካና የአውሮፓ ሊቃውንት ሥራ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት በጋምቤላ ምን አገባን?» ይላሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም፤ ግን አልቀበለውም። ወደዚህች ከተማ ከሩቅ ነገር መምጣት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ከተደረገው ውል በኋላ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በመርከብ ንግድ እስከዚህ ይደርስ ነበር፤ አያቶቻችንም ቡናውን ሲያስጭኑ ጨውን ሲያራግፉ ዓለምን ተዋውቀዋል። የፕሮግራም ጽሑፍ ከመርከብ ይልቅ ቀላል ጭነት ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቀን አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ መስመሩ ቢቋረጥም ይነበባል። የመብራት መጥፋቱም ቢሆን መምህር ነው፤ ጽሕፈት በግማሽ ሲቋረጥ መዝገቡ ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከኛ በላይ የት ይገኛል?

ሌሎች ደግሞ፣ «ብዙ ዓይን ያየው ስለሆነ ስሕተት አይቀርበትም» ይላሉ። ይህም ትክክል አይደለም። በሊኑክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለአጥቂ በር የከፈተ አንድ የሽቅድምድም ስሕተት እስከ 2016 ድረስ ሳይዘጋ ኖሯል፤ ስሙንም «ደርቲ ካው» አሉት። የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ይህንኑ ለማረም ሞክሮ በሚገባ እንዳላረመው በግልጽ ጽፏል። ክፍት በር ሰው ካልገባበት አይጠቅምም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለውም ድሩ ሲያብር ነው እንጂ ተበታትኖ ሲተኛ አይደለም። እንደ ሊኑስ ያለ ሰው ስሕተቱን በአደባባይ ከጻፈ እኛ ተማሪዎች በምን እናፍራለን?

ከሀገራችንም ማስታወሻ አለን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ ሊያወጡ ቻሉ፤ ከአውጪዎቹም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ምክንያቱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ እንጂ ከውጭ የመጣ ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ ከገንዘቡም አብዛኛው ተመለሰ። ይህን ከኔ ስሕተት ጋር አንድ ነው አልልም። ነገር ግን «በእጁ ያለው ስንት ነው» የሚለው ጥያቄና «ውሰድ» የሚለው መልስ ሲለያዩ፣ ትንሽ መዝገብም ሆነ ታላቅ ባንክ እንደሚናጋ ያሳየናል። እንደዚሁም ማሽን ሲሳሳት የሰው ጠባይ እንደሚፈተን ያስረዳናል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር የታቀደ ሥራ ተጀምሯል። መልካም ነው፤ ከኛም ትምህርቱን የጀመሩ አሉ። እኔ የምጨምረው ቢኖር፣ ጻፊ ብቻ ሳይሆን ጠጋኝም ያስፈልገናል የሚል ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ይመሰገናል፤ የሚያፈስ ጣሪያ የሚደፍነውን ግን ዝናብ ካልመጣ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ሦስት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ።

1ኛ፤ ከኮምፒውተር ትምህርት ክፍለ ጊዜ በወር አንዱ ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ማንበቢያና ማረሚያ ይሁን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የገባን ተማሪዎች ላልገባቸው በአኙዋ፣ በኑዌርና በአማርኛ እናስረዳ። ቁልፍና ተራ በየትኛውም ቋንቋ ይነገራል።

2ኛ፤ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አንድ የስሕተት ደብተር ይቀመጥ። ኮምፒውተር ያልተለመደ ነገር ባደረገ ጊዜ «አጥፍቼ ሳበራው ተስተካከለ» ብሎ መሄድ ይቅር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን በየትኛው ማሽን ላይ ምን ይሠራ እንደ ነበር ይጻፍ። እንዲህ ያለው ስሕተት ዛሬ ታይቶ ከወር በኋላ ስለሚመለስ፣ የሚይዘው ያስታወሰው ብቻ ነው።

3ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ማንም ተማሪ በማሽን ቃል ብቻ አይቀጣ። መዝገቡና ሰው በተለያዩ ጊዜ የሰውየው ቃል ይሰማ፤ የነገሩም ቅደም ተከተል ይመርመር። እኔ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ስሆን ስሕተቱን ያገኘሁት በመጽሐፍ ሳይሆን ልጁ በተናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ዓይኑ ያየውን ነገረኝ፤ እኔ ግን አስቀድሜ ፈርጄበት ነበር።

የፊዚክሱ መጽሐፍ ኋላ ሽፋናቸው ተገንጥሎ ለጥገና ከተቀመጡት መካከል ተገኘ። ልጁም ውጤቱ ተሰጠው። ፕሮግራሙን በቁጥሩ ዘዴ አረምሁት፤ በማቆያውም ዐሥር ጊዜ ፈትነን አንድም መስመር አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁትና ስሕተቱን እንዴት እንዳረምን አሳየሁት። ጸጥ ብሎ ከተመለከተ በኋላ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ከእንግዲህ መጽሐፍ ስመልስ በወረቀትም ፈርማችሁ ስጡኝ» አለኝ።

መጀመሪያ ቅር አለኝ። ኋላ ሳስበው ግን ልጁ ልክ ነው። በዚህ ዓመት ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሚመልስ ተማሪ ሁሉ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት የሚቀበለው ስለዚህ ነውና፣ ወረቀቷን የሚቀበል ሁሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳይጥላት አደራ እላለሁ።